የአማርኛ ስላይድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት

በፓወርፖይንት የአማርኛ ስላይድ የሚያዘጋጁ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸው የፎንት ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ አምሮ የታየው ጽሑፍ አዳራሽ ሲደርስ መስመሩ ይዛባል፣ አንዳንዴም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ፋይሉ በተለምዶ የሚይዘው የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ራሱን ስላልሆነ ነው። በዊንዶውስ ላይ በ«ፋይል»፣ ከዚያ በ«ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎም በ«ሴቭ» ገብቶ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም ፈቃዳቸው ይህን የሚከለክል ፎንቶች አሉ። ስለዚህ የፒዲኤፍ ቅጂ መያዝ ግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስላይዱ በትክክል ከተከፈተ በኋላ፣ በገለጻው ወቅት የ«ቢ» ቁልፍ ስክሪኑን ያጠቁራል፣ ዳግም ሲጫኑት ይመልሰዋል። የስላይዱን ቁጥር ጽፎ «ኢንተር» መጫን ደግሞ በቀጥታ ወደዚያ ስላይድ ይወስዳል።