የገዛሁት ላፕቶፕ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ሰሞን ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዚህ መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ማሽኑ አይችለውም። በነፃ የሚገኘውን ኡቡንቱ በፍላሽ ልጭን ብል ፍላሹን አላይም አለ፤ ይህን የሚያስተካክለው ቦታ ልገባ ስል ፓስዎርድ ጠየቀኝ። የቀድሞውን ባለቤት ፓስዎርድ! ባለሱቁም «እሱን እኔም አላውቀውም» ብሎኝ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ድሮ ባዮስ፣ አሁን ዩኢኤፍአይ ይባላል። ቀጥሎ ማን እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ደግሞ ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ ተስፋፋ። እንደ በር ዘበኛ ነው፤ የሚያውቀው ዲጂታል ፊርማ የሌለውን አያስገባም። ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳ ቫይረስን ስለሚከላከል አልነቅፈውም። ግን በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ዘበኛው የሚያውቀው የማይክሮሶፍትን ፊርማ ነው። ኡቡንቱ እንኳ የሚያልፈው ማይክሮሶፍት በፈረመለት ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። ገዢው ጥበቃውን ማጥፋት እንዲችል ዊንዶውስ 8 ላይ ለተራ ኮምፒውተሮች ግዴታ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ለአምራቹ ፈቃድ ተተወ።

በዚያው ጥቅምት ወር የአገራችን ልጆች የዓለም ዜና ሆነው ነበር። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላሉ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ካሜራው ተዘግቶ፣ የስክሪኑ ገጽታም እንዳይለወጥ ታስሮ ነበር። ልጆቹ በወራት ውስጥ ካሜራውን ከፈቱት፣ ገጽታውንም እያንዳንዱ እንደፈለገው አደረገው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ይህን በአድናቆት ነው የተናገረው። ልብ በሉ፣ እስሩ የነበረው ከላይ፣ አንድሮይድ ውስጥ ነው። የእኔው ከሥር ነው፤ ዊንዶውስን ብደመስሰውም አይነቃነቅም።

«ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቴይልስን አስቡ። ከፍላሽ ተነስቶ፣ ሲዘጋ ማሽኑ ላይ ዱካ አይተውም። የኤድዋርድ ስኖውደንን ሰነዶች የያዙ ጋዜጠኞች የተጠቀሙት እሱን ነው። ሴኪዩር ቡት ሳይጠፋ መነሳት የቻለው ግን ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አጥፍታችሁ አብሩትና ኤፍ2ን ወይም ሱቁ የሚነግራችሁን ቁልፍ ተጫኑ። ፓስዎርድ ከጠየቀ ባለሱቁ እዚያው ፊታችሁ ይክፈተው። እኔ ይህን የጻፍኩት በዚያው በዊንዶውስ 10 ነው።