«ሾርባው ጨው የለውም!»



በኢፍጧር ማዕድ ላይ እናት ሾርባውን ቀምሰው «ጨው የለውም እኮ!» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «ኧረ በዝቶበታል!» ይላሉ። ነገሩ በሳቅ ይታለፋል። ግን ጣዕም ለምን ይጠፋል?

ምላሳችን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የጣዕም እምቡጦች አሉ። አንዱ እምቡጥ ከ50 እስከ 100 የሚሆኑ ሕዋሳትን ይይዛል። ሕዋሳቱ በአማካይ 10 ቀን ገደማ ኖረው በአዲስ ይተካሉ። ጣዕሙን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ግን ነባር ነው። ታዲያ ነርቩ አዲሱን ሕዋስ እንዴት ያገኘዋል?

የመልሱ ጅማሮ የተገኘው ከምላስ ሳይሆን ከዶሮ ጽንስ ነው። ጣሊያናዊቷ ሳይንቲስት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲመራመሩ ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር መኖሩን ደረሱበት። ለዚህም በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዚሁ ንጥረ ነገር ዘመድ የሆነውና ቢዲኤንኤፍ የሚባለው ደግሞ በ1982 ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ።

የጣዕም ሕዋሳት ይህን ቢዲኤንኤፍ ያመነጫሉ። ነርቩ ላይ ደግሞ ትርክ-ቢ የተባለ ተቀባይ አለ። ሁለቱ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማሉ፤ ነርቩም ጥሪውን ተከትሎ ወደ እምቡጡ ይደርሳል። ቢዲኤንኤፍ እንዳይኖራቸው ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ የጣዕም ነርቮቹም እምቡጦቹም ቁጥራቸው ቀንሶ ታይቷል። እንዲህ ዓይነት ተቀባዮች በራሳቸው በጣዕም ሕዋሳት ላይም ተገኝተዋል።

እምቡጡም በበኩሉ ያለ ነርቭ አይዘልቅም። በእንስሳት ላይ ነርቩ ሲቆረጥ እምቡጦቹ ይሟሽሻሉ፤ ነርቩ አድጎ ሲመለስ እነርሱም ይመለሳሉ። አንዱ የሌላው ጠባቂ ነው ማለት ነው።

ይህ ለቤታችን ምን ይጠቅማል? ከምላስ ፊተኛ ክፍል ጣዕም የሚያደርሰው ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከጆሮ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና በኋላ የምላስ አንዱ ጎን ጣዕም ሊያጣ ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ጣዕምን ይቀንሳሉ፤ ጉንፋንም ማሽተትን ስለሚዘጋ ምግቡን ያደበዝዘዋል።

እንግዲህ እናታችን «ጣዕም የለውም» ሲሉ አንሳቅባቸው፤ ጨውም አንጨምርላቸው፤ በተለይ የደም ግፊት ካለባቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሳቸው።