በራሱ መሣቅን ያወቀ ሰው
(የኳስ ወርዋሪውና የቀልድ ሠዓሊው የአርተር ሜይሊ ታሪክ)

ሰውን የሚያሥቅ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሣቅ ባልንጀራን በማዋረድ የሚገኝ ነው፤ ሌላው ግን የተሣቀበትን ሰው ጭምር አብሮ የሚያሥቅ ነው። ካሪካቸር የሚባለው የቀልድ ሥዕል በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ጥበብ ነው። ሠዓሊው ከሰው መልክ አንድ ነገር ይመርጣል፤ አፍንጫው ረዘም ያለ እንደ ሆነ እጅግ ያስረዝመዋል፤ ጆሮው ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ይበልጥ ያሰፋዋል፤ የቀረውን በጥቂት መስመር ያልፈዋል። ያም ሆኖ የተሣለው ሰው ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ወዲያው ያውቀዋል። ይህ ጥበብ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ከስድብ ይልቅ ያቆስላል። በደግ ሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማሳየት የአውስትራልያዊውን የአርተር ሜይሊን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሜይሊ በጥር ወር 1886 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ በድኾች ሠፈር ተወለደ። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሱሪ በሚሰፋበት ቤት ተኳሽ ሆነ። ከዚያም በብርጭቆ ፋብሪካ ትኩሱን ብርጭቆ በቧንቧ እየነፋ የሚሠራ ሠራተኛ ሆነ፤ ቀጥሎም በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት በቀን ሠራተኛነት አገለገለ። የማታ ዕረፍቱንና የበዓል ቀኑን ግን ለሁለት ነገር ከፈለው፤ እነርሱም ኳስና እርሳስ ነበሩ።

ኳሱ የክሪኬት ኳስ ነው። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንግለጸው። በሁለቱ ወገን 11፣ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ወርዋሪው 20 ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እየመታ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል፤ አርቆ ሲመታም እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። ከወርዋሪዎች መካከል አንዳንዶቹ በፍጥነት መቺውን ያስደነግጡታል። ሜይሊ ግን ከዝግተኞቹ ወገን ነበረ። ኳሱን በጣቶቹና በእጁ አንጓ አሽከርክሮ ይለቀዋል፤ ኳሱም መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይታጠፋል። አንዳንዴም እጁ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አስመስሎ፥ ኳሱ ወደ ግራ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ወርዋሪ ብዙ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ነገር ግን ጎበዙን መቺ ሳይቀር አታልሎ ያስወጣል።

ለአገሩ ቡድን የተሰለፈው በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜው ያን ጊዜ 35 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው በዚያ ተከታታይ ውድድር 36 መቺዎችን አስወጣ። በየካቲት 1921 ዓ.ም. በሜልቦርን በአንድ ተራ ከ10 መቺዎች 9ኙን በ121 ነጥብ አስወጣ፤ በአገሮች ውድድር ይህን የሚበልጥ አውስትራልያዊ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያው ዓመት በነሐሴ በእንግሊዝ አገር በቼልትናም ከተማ የግሎስተርሻየርን ቡድን 10 መቺዎች ሁሉ ብቻውን በ66 ነጥብ አስወጣ። በ1958 ዓ.ም. ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ አርእስት ያወጣውም ከዚሁ ቁጥር ነው። በጠቅላላው ለአገሩ 21 ጊዜ ተሰልፎ 99 መቺዎችን አስወጥቷል።

በጨዋታ ዘመኑም እርሳሱን አላስቀመጠም። የጓደኞቹንና የተቃራኒዎቹን መልክ እየሣለ ለሲድኒና ለለንደን ጋዜጦች ይሰጥ ነበር። ጨዋታውን ከተወ በኋላም ከጋዜጠኞች ጋራ ተቀምጦ እየጻፈና እየሣለ ኖረ። ኳስ ማሽከርከርና የቀልድ ሥዕል ተመሳሳይ ናቸው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም፤ በሁለቱም ጠባይን አስተውሎ መመርመርና ያልታሰበውን መታጠፊያ ማግኘት ያስፈልጋልና።

ይሁን እንጂ እኛን ከጥበቡ ይልቅ ጠባዩ ደስ ያሰኘናል። ገና ስሙ ሳይታወቅ፥ ቪክቶር ትራምፐር የተባለውን ዝነኛ መቺ በሠፈር ውድድር አገኘው። ትራምፐር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደንቀው ሰው ነበረ። ያን ሰው አታልሎ ባስወጣው ጊዜ፥ ከመኩራት ይልቅ ማዘኑን ራሱ ጽፎአል።

በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ደግሞ የቪክቶሪያ ቡድን በሜይሊ ቡድን ላይ 1107 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከዚህም 362ቱ የተቆጠረው በእርሱ ውርወራ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ፊቱን ሸፍኖ በወጣ ነበር። ሜይሊ ግን በተመልካቾች መካከል የተቀመጠ ቡናማ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ወደ እርሱ የሚመጡትን ኳሶች አለመቅለቡ እንደ ጎዳው እየተናገረ ይቀልድ ነበር።

በ1930 ዓ.ም. የእንግሊዙን ወጣት ወርዋሪ ኢያን ፒብልስን ኳስ ስለ ማሽከርከር በመምከሩ የአገሩ ሰዎች ወቀሱት፤ ለተቃራኒ ምሥጢር አሳልፎ ሰጠ ማለታቸው ነው። እርሱ ግን ኳስ ማሽከርከር ጥበብ እንደ ሆነ፥ ጥበብም ድንበር እንደሌለው መለሰላቸው።

በሸመገለም ጊዜ ከሲድኒ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ሥጋ ቤት ከፈተ። በእንግሊዝኛ የከብት ጨጓራ የሚጠራበት ቃል «የማይረባ ነገር» ማለትም ነው። እርሱም በሱቁ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ፥ ያን ነገር አስቀድሞ በኳስ እንደ ወረወረው፥ ቀጥሎ በጋዜጣ እንደ ጻፈው፥ አሁን ደግሞ እንደሚሸጠው ለገዢዎቹ አስታወቀ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ 82 ዓመት ሊሞላው 3 ቀን ሲቀረው ዐረፈ።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ታሪክ ያቀረብነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በደብተሩ ጀርባ የሰው መልክ የሚሥል ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። አብዛኞቻችን ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል ብለን እንቈጣዋለን፤ ወይም ሥዕሉ ስላሣቀን ብቻ እናመሰግነዋለን። ሁለቱም አይበቃም። ዛሬ የሰውን መልክ አበላሽቶ በስልክ መበተን ለሕፃን እንኳ ቀላል ሆኖአል፤ በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤት መሄድ ያስጠላቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ እርሳሱን ከመንጠቅ ይልቅ ልጁን አንድ ነገር እንጠይቀው፦ «የራስህን መልክ ሥለሃልን?» እንበለው። በራሱ አፍንጫ ላይ መሣቅን የለመደ ልጅ በሌላው አፍንጫ ላይ ሲሥቅ መጠኑን ያውቃል። የአባቱንና የእናቱን መልክም ይሣል፤ እኛም ሳንቈጣ አብረነው እንሣቅ፤ ከዚያም በግድግዳ ላይ እንስቀልለት።