የሰቆጣው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ

እናቶቻችን ወፍጮው ሲለሰልስባቸው ይወቅሩታል። ከሰቆጣ ከተማ አቅራቢያ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ ከአለት የተወቀረ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነውና። ጎብኚ ሁሉ በውስጡ ስላለው የዋግ ሹሞች አስከሬን ያወራል፤ እኔ ግን ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ልናገር።

የአክሱም ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ ነበር። ግንቡን አቋርጠው የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ ይህም «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። በላስታ ዋሻ ውስጥ የታነፀው ይምርሐነ ክርስቶስ በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ የቆመ ነው። በውቅሮ ግን ጠራቢው የዚያኑ ዓይነት በርና መስኮት ከነመቃኑ በአለቱ ላይ ቀረጸው። አለት ማሰሪያ እንጨት ምን ያደርግለታል? ልማድ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ያለዚህ መልክ የእግዚአብሔር ቤት ለዓይኑ ቤት አልመሰለውም። በአክሱምም ሐውልት ላይ የማይከፈት በር ከነመቆለፊያው ተቀርጾ የለምን?

የተገነባ ቤት ድንጋዩ ቢወድቅ ሌላ ይተካለታል፤ የተወቀረ ግን ዝናብና ነፋስ የበላው ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደ ዋግ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ለክታችሁ ንድፋቸውን አምጡልን።