ያለ ደመወዝ የተሠራ ጨዋታ

«ለምን አረፈድህ?» ብሎ የሚቆጣ አለቃ የለም፤ የሰዓት ፊርማ የለም፤ በወሩ መጨረሻም ደመወዝ የለም። እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ማን ይሠራል? ለሚል ሰው መልሱ «ዜሮ ኤ. ዲ.» በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ስሙ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። ትርጓሜው «ከክርስቶስ ልደት በኋላ ዜሮ ዓመት» ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን ከልደት በፊት ካለው 1 ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ከልደት በኋላ ያለው 1 ዓመት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ዘመን ከቶ አልነበረም። በጨዋታው ሜዳ ላይም በእውነተኛው ታሪክ በአንድነት ያልተጋጠሙ የሮማ፣ የካርታጎ፣ የፋርስና የስፓርታ ሰዎች ይገናኛሉ። ተጫዋቹ እንጨት ያስቆርጣል፣ እርሻ ያሳርሳል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጦር ያዘምታል።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ገደማ ነበር። ጀማሪዎቹ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተባለውን የታወቀ ጨዋታ ለውጠው አዲስ መልክ ሊሰጡት አስበው ነበር። ኋላ ግን በሰው ቤት ላይ ጣሪያ ከመለወጥ የራስን ቤት ከመሠረቱ ማቆም ይሻላል እንደሚባለው፣ ሁሉን ነገር በራሳቸው ሊሠሩት ቆረጡ። መከራውም ከዚህ ጀመረ።

በአገራችን ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውንና ንፍሮውን አሰናድቶ ይጠብቃል፤ አጨዳውም ሲመሽ ያልቃል። ይህ ደቦ ግን ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ ሠራተኞቹም በየአገሩ ተበትነው በኢንተርኔት የሚገናኙ ናቸው። ተማሪው ፈተና ሲደርስበት፣ ሌላው ትዳር ሲይዝ ሥራው ይቆማል። ሠዓሊው ወታደሩን አሳምሮ ቢሥል፣ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ወታደሩ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይቀራል። ቀርቶ ሥራውን የሚያጓትትን ሰው ደመወዙን እቆርጣለሁ ብሎ ማስፈራራት አይቻልም።

ታዲያ ምን አዳናቸው? በሐምሌ 2009 የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለዓለም ሁሉ በነጻ ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ማንም አንብቦ ማረም፣ ሌላው የተወውን ማንሣት ቻለ። በ2010 የመጀመሪያው የሙከራ እትም ወጣ። የወታደሮች መንገድ ፍለጋ ብዙ ያስቸገረ ነገር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበዛ ጨዋታው ይንቀረፈፍ ነበርና። አንድ ፈቃደኛ የጀመረውን አዲስ ዘዴ ሌሎች ተቀብለው ፈጸሙትና በ2015 ከ19ኛው እትም ጋር ወጣ።

ገንዘብም ተሞክሯል። በ2013 ፕሮግራም ጸሐፊዎችን በደመወዝ ለማሠራት 160,000 ዶላር እንዲዋጣ ቢለመን፣ የተገኘው ከ33,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም። በ2018 የወጣው 23ኛ እትም የኩሽን መንግሥት ጨመረ፤ ይኸውም የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ጽሑፉ «ካሱ» ብሎ የጠቀሰው የመርዌ አገር ነው። የሙከራ እትሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደላት ተራ ስም ሲወጣላቸው፣ ሃያ ስድስቱ ፊደላት አለቁና በጥር 2025 የወጣው 27ኛው እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ተነሣ።

አንባቢ ሆይ፣ ከትምህርት ወይም ከቢሮ መልስ ከጓደኞችህ ጋር ጋዜጣ ወይም ቴያትር ለመጀመር ታስብ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይመጣል፤ በስድስተኛው ወር ሦስት ሰው ከቀረ መልካም ነው። ስለዚህ በሄደው አትቆጣ። ይልቅስ ሥራውን ከፋፍለህ ስጥ፤ የተሠራውንም ከአንድ ሰው ራስ ውስጥ አውጥተህ በጽሑፍ አኑረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ነገር ግን አንዱ ሎሚውን አስቀምጦ ሲሄድ፣ የሚመጣው ሰው የት እንዳለ አይቶ ሊያነሣው ይገባል።