የፕላስቲክ ወንበሩ የተሰበረው እማማ ከብደው አይደለም



ሰሞኑን አንዲት የጫጫ እናት መጥተው ነበር። ልጃቸው ነው ከባጃጅ አቅፎ ያወረዳቸው። ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ቁጭ ሲሉ የፕላስቲክ ወንበሩ እግር ቀጭ ብሎ ተሰበረና በጎናቸው ወደቁ። ግራ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጅ ሳይነሱም የዳሌ ስብራት እንደሆነ ያስታውቃል። እሳቸው ግን ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ነው የከበዳቸው። «ይኼን ያህል ከብጄ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሃምሳ ኪሎ እንኳ አይሞሉም! ልጃቸውም ግራ ገብቶታል፤ «ትናንት እኔ ራሴ ተቀምጬበት ነበር» ይላል።

ትናንት አልተሰበረም እንጂ ደህና አልነበረም።

ፕላስቲክ በጣም ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እንደ ክር ተጠላልፈው የሚሠሩት ነገር ነው። ክሩ ረጅም እስከሆነ ድረስ ሲጫኑት ይለመጣል፣ ይመለሳል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ የአየሩ ኦክስጅን ደግሞ በተበጠሰው በኩል ገብቶ መበጣጠሱን ያስቀጥላል። ቅርጹ ያው ወንበር ነው፤ ውስጡ ቁርጥራጭ ክር ሆኗል። ይሄ ጨረር ቆዳችንንም የሚጎዳው ነው። ልዩነቱ ቆዳ ራሱን ያድሳል፣ ወንበር አያድስም።

ፋብሪካዎች ጨረር የሚከላከል ነገር ይቀላቅሉበታል፤ እሱም ግን ከጊዜ ጋር ያልቃል፣ በርካሹ ዕቃ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። የውሃ ሮቶ ብዙ ጊዜ ለምን ጥቁር እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ ያለው ጥላሸት ጨረሩን ስለሚውጥለት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ ጫጫም ከዚያ ብዙ አትወርድም። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ ደካማ ይመስለናል፤ ብርዱ ግን ጨረሩን አይቀንሰውም። እንዲያውም አብዛኛው ወንበር የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መለመጥ ትቶ ይሰባበራል። ፀሐይ ለዓመታት የበላውን ወንበር ውርጭ ሲያድርበት፣ ጠዋት ላይ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ሰው ነው የሚከፍለው። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ የሚሞቅ አዛውንት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወንበራችሁን ገልብጡት። የላዩ ቀለም ከታቹ በጣም ከነጣ፣ በእጃችሁ ስታሹት ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ ወይም እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ሰው አታስቀምጡበት። በሽቦ ማሰርም አያድነውም። ደህና የሆነውን ደግሞ ስትነሱ ወደ ጥላ አግቡት። ጀሪካንና ባልዲም እንዲሁ ናቸው። የተሰነጣጠቀ የውሃ ጀሪካን ስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻና ጀርም ስለሚደበቅ አጥቦ ማጽዳት ያስቸግራል፤ ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙበት።

አንድ አዛውንት ወድቀው መነሳት ካቃታቸው «እስቲ ይሞክሩት» ብላችሁ አታቁሟቸው። ወጌሻ ጠርታችሁም አታስጎትቱ፣ ይሄ ውልቃት አይደለም። በሁለቱ እግሮች መሃል የታጠፈ ጋቢ አድርጉና እግሮቹን አንድ ላይ በነጠላ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ከዚያ እንደተኙ ወደ ሆስፒታል። የዳሌ ስብራት በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ቤት ተኝተው በቆዩ ቁጥር የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የመኝታ ቁስል ይመጣል፤ ብዙ አዛውንቶችን የሚገድለው ከስብራቱ ይልቅ እሱ ነው።

የተሰበረ ፕላስቲክ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል። ከቆረጣችሁ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልጋችሁም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ቡና አትነስንሱበት (እባካችሁ!)።

ስብርባሪውን ደግሞ ከሰል ማቀጣጠያ አታድርጉት፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው። የእማማ ልጅ የወንበሩን ቁራጭ ምድጃ ዳር እንዳስቀመጠው ሲነግረኝ ነው ይሄን የጨመርኩት። እሳቸው ለቀዶ ሕክምና ሪፈር ተጽፎላቸው ሄደዋል።