ከዓይን እስከ ማስረጃ፦ የኦሞ ዳሩ አጥንት

በስብሰባ አዳራሽና በዜና እወጃ «ተጨባጭ»ን ያህል ሥራ የበዛበት ቅጽል ጥቂት ነው። ተጨባጭ ለውጥ፣ ተጨባጭ ውጤት፣ ተጨባጭ እርምጃ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ቃሉ የሚጠራው የሚጨበጠው ነገር ሲጠፋ ነው። በተመራማሪዎች ዘንድ ግን ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። ተጨባጭ ማስረጃ የሚባለው ታይቶና ተለክቶ፣ የተገኘበት ቦታ ተመዝግቦ፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው የሚችለው ነው። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ከጂንካ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ካንጋተን አካባቢ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1967 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ተመራማሪዎች በጋራ ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ዘመቱ። የኬንያውን ቡድን የመራው ገና የ22 ዓመት ወጣት የነበረው ሪቻርድ ሊኪ ነው። ባልደረባው ካሞያ ኪሜው ኪቢሽ በተባለው የደለል ክምችት ውስጥ የሰው ቅሪት አገኘ፤ ቦታው ዛሬም በካሞያ ስም ይጠራል። ቅሪቱ «ኦሞ 1» ተባለ። ከፍ ያለው ክብ የራስ ቅሉና አገጩ የእኛው የሰው ዘር መሆኑን ይናገራሉ።

ዕድሜውስ?

የመጀመሪያው መልስ የመጣው እዚያው ደለል ውስጥ ከተገኙ የወንዝ ዛጎሎች ነው፤ 130,000 ዓመት ገደማ። ቁጥሩ ያኔ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ብዙ ባለሙያዎች ግን አልተዋጠላቸውም። ዛጎል ከተቀበረ በኋላ ከከርሰ ምድር ውኃ ዩራኒየም ስለሚስብ፣ በዩራኒየም የተሰላ ዕድሜው ሊያሳስት ይችላል። አጥንቱ እውነተኛ፣ ንብርብሩም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ብቻ ተንሳፍፎ ቀረ።

ከ1999 ጀምሮ ጆን ፍሊግል፣ ፍራንክ ብራውንና ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ኪቢሽ ተመላለሱ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረባቸው አሮጌውን ጉድጓድ በትክክል መለየት ነበር። ከዚያ በቁፋሮው የኦሞ 1 የጭን አጥንት ስባሪ አገኙ፤ በ1967 ከተነሣው ስባሪ ጋር ሲገጣጠም ልክ ሆነ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ተለያይተው የቆዩ ሁለት ቁራጮች አንድ አጥንት ሲሆኑ፣ «ቦታው ይህ ነው» የሚለው ንግግር የማንም ምስክርነት መሆኑ ቀረ። ከሁሉም ሙግት ይልቅ አፍ የሚያስይዘው ይህ ነው።

ዕድሜውን ደግሞ እሳተ ገሞራ ሰጠ። ከፍንዳታ በሚወጣ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም ይይዛሉ፤ ፖታሲየሙ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። የአርጎኑ መጠን ሲለካ ፍንዳታው ከተከሰተ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይታወቃል። ከአጥንቱ በታች ባለው ንብርብር የተገኘው ድንጋይ በዚህ መንገድ ተለክቶ፣ ኦሞ 1 ወደ 195,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው በ2005 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ።

ከአጥንቱ በላይ ያለው ወፍራም የአመድ ንብርብር ግን አስቸገረ። እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ለመለካት የሚበቃ ክሪስታል አልተገኘበትም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ሴሊን ቪዳል የተመራውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት የተካፈለበት ቡድን ዘዴ ዘየደ፦ የአመዱን ኬሚካዊ ይዘት በስምጥ ሸለቆ ካሉ እሳተ ገሞራዎች ጋር አስተያየ። የገጠመው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከሻላ ነው። የሻላ ፍንዳታ 233,000 ዓመት ገደማ ሆነው፤ ስሌቱ ወደ 22,000 ዓመት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። አመዱ የወደቀው ከአጥንቱ በላይ ስለሆነ አጥንቱ ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው፤ የ2005ቱ ግምት አንሶ ተገኘ። ግኝቱ በጥር 2022 ታተመ።

በዚያው በ1967 «ኦሞ 2» የተባለ ሌላ የራስ ቅልም ተገኝቷል። በራስ ቅል ረገድ ከኦሞ 1 የተሻለ ተሟልቶ የቆየው እሱ ነው፤ መልኩም የበለጠ ጥንታዊ ይመስላል። የተገኘው ግን ተቆፍሮ ሳይሆን ከመሬት ላይ ተለቅሞ ነው። ከየትኛው ንብርብር ታጥቦ እንደወጣ ስለሚያከራክር፣ ከኦሞ 1 ጋር እኩያ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ከባለሙያዎች አልጠፋም።